አሮጌ ኮምፒውተር እንዴት ይቆያል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ያረጁ የኮምፒውተር ቦርዶች ሲጠግን ለኖረ ሰው የሚጠየቀው ብዙ ነው። ከላካችሁልኝ የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ አባቴ ይሠራበት የነበረ 386 (በኢንቴል 386 ፕሮሰሰር የሚሠራ የድሮ) ኮምፒውተር አለኝ። በላስቲክ ጠቅልዬ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትጠቅልለው! መጀመሪያ ክፈተውና ባትሪውን አውጣ። በዚያ ዘመን ብዙ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርዶች) ላይ ትንሽ በርሜል የመሰለ 3.6 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ተበይዷል፤ ሥራው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን ማቆየት ነው። ሲያረጅ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያፈስና መዳቡን ይበላል። በቅርቡ አንድ ቦርድ ስከፍት ከባትሪው እስከ ኪቦርዱ መሰኪያ አረንጓዴ ዝገት ወርዶበት ነበር፤ በጥርስ ብሩሽ ገና ስነካው የመዳቡ መስመር ተፈረፈረ። ማንም ሳይነካው ካርቶን ውስጥ ነው የሞተው።

ጥያቄ፦ የእኔ አፍስሷል። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አትቁረጪ። ጓንት አድርገሽ ባትሪውን ቁረጪና አውጪው፤ ቦታውን ነጭ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጥረጊ። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ አሲዱ ያከሽፈዋል። ቀጥሎ በተጣራ ውሃ፣ ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጥበሽ በደንብ አድርቂው። የተበጠሰ መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል።

ጥያቄ፦ ኮሞዶር 64 የሚባለውን የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቤት ኮምፒውተር አግኝቻለሁ፤ ከነፓወር ሰፕላዩ ልሰካው?

መልስ፦ በድሮው ሰፕላይ እንዳይሞክሩት። የ5 ቮልቱ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሲበላሽ ቮልቴጁ ያሻቅብና ሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። ዛሬ ተለክቶ ደህና መሆኑ ለነገ ዋስትና አይሆንም፤ አዲስ የተሠራ ይግዙለት።

ጥያቄ፦ ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ ላንጣው?

መልስ፦ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያነጣዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ቢጫነቱ ይመለሳል። እኔ አልነካውም።

ጥያቄ፦ ፍሎፒ ዲስኮቹስ?

መልስ፦ ሳትውል ሳታድር ቅዳቸው። ግሪዝዊዝል የሚባለው፣ የፍሎፒ ድራይቭን ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ የሚያገናኝ ትንሽ ቦርድ፣ የዲስኩን የማግኔት ምልክት እንዳለ ያነባል። ሻጋታ ያየህበትን ግን ሳታጸዳ ድራይቭ ውስጥ እንዳትከት፤ የንባብ ሄዱን አቆሽሾ ቀጥሎ የሚገባውን ዲስክ ይፍቀዋል።

ጥያቄ፦ የት ይቀመጥ?

መልስ፦ ጣሪያ ሥርም ምድር ቤትም አይሁን። ሙቀቱ የማይዋዥቅ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሆነ ክፍል ይሻላል። ስፖንጅ አታስጠጉበት፤ ሲያረጅ ይሟሟና እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ የድሮውን ባለ መስታወት ሞኒተር ከፍቼ አቧራውን ላጽዳ?

መልስ፦ ልምድ ከሌለህ አይሆንም። የከለር ሞኒተር የሥዕል ቱቦ (መስታወቱ) ከ20,000 ቮልት በላይ ይሠራል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጁ ሊቆይ ይችላል። ላዩን ብቻ ጥረግ።