ጠይቁን፦ አረንጓዴ ሻይ፣ የደም ግፊትና እርግዝና

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እኔ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን እወስዳለሁ። ጎረቤቶቻችን «አረንጓዴ ሻይ ግፊት ያወርዳል፣ ካፌይንም የለውም» ስላሉን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር አፍልተን እንጠጣለን። በጣም ይመራል፤ አንዳንዴም ያቅለሸልሸኛል። (ከጅማ፣ ሂርማታ)

መልስ፦ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሰዓቱ ነው። በሻይ ውስጥ ያሉት ካቴኪንና መሰሎቹ የተባሉ ንጥረ ነገሮች አንጀት ውስጥ ከአይረን ጋር ስለሚጣበቁ ከአይረኑ ከፊሉ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። በተለይ የሚጎዳው ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የምናገኘው አይረን ነው፤ የሥጋው ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ ሻዩን ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ከክኒኑ ደግሞ 2 ሰዓት ያርቁት። ፎሊክ አሲድም በአረንጓዴ ሻይ ይቀንሳል፤ እስኪወልዱ ድረስ በቀን ከ1 ስኒ ባያልፉ እንመክራለን።

ካፌይን የለውም የተባለው ስህተት ነው። አረንጓዴ ሻይ የሚሠራው ጥቁሩ የውሽውሽ ወይም የጉመሮ ሻይ ከሚሠራበት ከዚያው ተክል ነው፤ ልዩነቱ ቅጠሉ እንደተቀጠፈ ወዲያው ስለሚሞቅ አለመጥቆሩ ነው። አንዱ ብርጭቆ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ካፌይን ይይዛል። ለነፍሰ ጡር የቀኑ ጣሪያ 200 ሚሊግራም ሲሆን ቡናውም አብሮ ይቆጠራል። አቦልና ቶናውን ጠጥቶ «ሻዩ መድኃኒት ነው» ብሎ መጨመር፣ ጅማ ላይ ደግሞ ጫት ከታከለበት፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍም ይነሳል።

ምሬቱ የአፈላሉ ነው። እንደ ጥቁር ሻይ ከቅጠሉ ጋር እሳት ላይ አይንተክተክ። ውሃው ከፈላ በኋላ ክዳኑን ከፍተው 5 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ 80 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በ1 ብርጭቆ 1 የሻይ ማንኪያ ቅጠል (2 ግራም ያህል) ጨምረው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ብቻ ዘፍዝፈው ያጥሉት። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ሆድ ወይም በጣም ወፍራም አድርጎ ከመጠጣት ይመጣል።

እናትዎን በተመለከተ፦ ሻዩ የደም ግፊትን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ መድኃኒት አይተካም። የሚወስዱት ናዶሎል ከሆነ አይጠጡ፤ ሻዩ የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎችም መጠኑን በድንገት ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። እናትዎ የሚወስዱት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ ፋርማሲ መጠየቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለክብደት መቀነሻ የሚሸጠው የአረንጓዴ ሻይ እንክብልስ? (ከጅማ)

መልስ፦ ይህ ሌላ ነገር ነው። የሚቀነሰው ክብደት ከቁብ የማይቆጠር ነው፤ ጉበት የሚጎዳው ግን እንክብሉ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የተባለውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል የወሰዱ ሰዎች የጉበት ኢንዛይማቸው (የጉበት መጎዳት ምልክት) ከፍ እንደሚል ገልጿል፤ በስኒ በሚጠጣው ሻይ ላይ ግን ይህን ያህል ስጋት አላየም። ማሸጊያው ላይ መጠኑ ካልተጻፈ አይግዙ። ጀምረው ከሆነና ዓይንዎ ቢጫ ካለ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ቆዳዎ ካሳከከዎት ወይም ከቀኝ ጎድንዎ በታች ካመመዎት፣ እንክብሉን ትተው ዕቃውን ይዘው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።