የሥራ ሂደት ሶፍትዌር ባለሙያ ለመሆን ምን ልማር?

ውድ ጠያቂያችን፣ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመራቂና የኮዬ ፈጬ ነዋሪ መሆንዎን፣ ቂሊንጦ አካባቢ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ የግዥና የዓመት ፈቃድ ሂደቱን በሶፍትዌር የሚያደራጅ ጀማሪ ባለሙያ እንደሚፈልግ ማየትዎን፣ ሆኖም «ሳጥን ስሎ በቀስት ማገናኘት ሙያ ይባላል ወይ?» የሚል ጥርጣሬ እንዳደረብዎት ገልጸውልናል።

እያንዳንዱን ሥራ የሚወክለውን ሳጥን መሳልማ ማንም በአንድ ሳምንት ይለምደዋል። ደመወዝ የሚያስገኘው አንድ ሥራ ካለቀ በኋላ ቀጣዩ የትኛው እንደሆነ፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚጀመር አሳምሮ መወሰን ነው። ሶፍትዌሩ ሥዕሉን ተከትሎ ስለሚሠራ አሣሣሉ ደንብ አለው፤ በዘርፉ የተለመደው ቢፒኤምኤን ይባላል፤ 2.0 የተባለው ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2013 የአይኤስኦ ደረጃ ሆኗል።

ከዚያው ፋብሪካ ሊገጥምዎት የሚችል ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ክፍል ዕቃ ሲጠይቅ ዕቃው መጋዘን ካለ ወጪ ይደረጋል፣ ከሌለ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ይገዛል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ስለሚሆን መለያያው ላይ የኤክስ ምልክት ያለበት ጌትዌይ (መንገዶች የሚለያዩበትን ወይም የሚገናኙበትን ቦታ የሚያሳይ ቅርጽ) ይቀመጣል። ጀማሪ ሁለቱን መንገዶች መልሶ ሲያገናኝ የመደመር ምልክት ያለበትን ካስቀመጠ ግን፣ ይህ ጌትዌይ ሁለቱም እስኪደርሱ የሚጠብቅ በመሆኑና አንደኛው ጭራሽ ስላልተነሣ፣ ጥያቄው የስሕተት መልእክት እንኳ ሳይታይበት እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ሠራተኛውም እንደ ልማዱ «ሲስተም የለም» ይላል። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል፤ የዕቃ ርክክቡና የደረሰኝ ማጣራቱ ጎን ለጎን ተካሂደው በኤክስ ከተገናኙ፣ ኤክሱ ሌላኛውን ሳይጠብቅ የደረሰውን ሁሉ ስለሚያሳልፍ ቀጥሎ ያለው የክፍያ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል።

ሁኔታዎችን ሲጽፉም ይጠንቀቁ። «ከ50,000 ብር በታች» የሚለውን ለክፍል ኃላፊው፣ «ከ50,000 ብር በላይ» የሚለውን ለሥራ አስኪያጁ ቢመሩ፣ ልክ 50,000 ብር የሆነው ግዥ መሄጃ አጥቶ ሂደቱ በስሕተት ይቋረጣል። ሌላው ሁሉ ካልሆነ የሚኬድበት ነባሪ መስመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለመለማመድ ካሙንዳ ሞዴለር የተባለውን ነፃ መሣሪያ ያውርዱ፤ የዳታቤዝ ቋንቋው ኤስኪውኤልና ጥቂት የጃቫ ፕሮግራሚንግም ይጠቅምዎታል። ሰርተፍኬቱ ይቆየን። ይልቁንም የሚያውቁትን አንድ ሂደት፣ ለምሳሌ በተግባር ልምምድ ላይ ሳሉ ያዩትን የፈቃድ አሰጣጥ፣ ስለው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙ። በቃለ መጠይቁም «ሥራ አስኪያጁ ለመስክ ሲወጡ በማን ይፈረማል? ስንት ቀንስ ይጠበቃል?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሳቸው በሥዕሉ ላይ የጊዜ ገደቡ የት እንደሚገባና ጊዜው ሲያልፍ ጥያቄው ወደ ማን እንደሚዞር ይነግርዎታል።