የብራንች ስም ለምትቀይሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

በምትሠሩበት ድርጅት የቆዩት ሪፖዚተሪዎች (የኮድ ማከማቻዎች) ዋና ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) «ማስተር»፣ የአዲሶቹ ደግሞ «ሜይን» ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ሪፖዚተሪዎች የሚቀመጡበት ድረ-ገጽ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ለአዳዲስ ሪፖዚተሪዎች የሚሰጠውን መነሻ ስም ስለቀየረ፣ ስሞቹን አንድ የማድረጉ ሥራ አንድ ቀን ለእናንተ ሊደርስ ይችላል።

ስሙን መለወጥ ራሱ የደቂቃ ሥራ ነው። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም በጊት፣ ብራንች ማለት ወደ አንድ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) የሚያመለክት ስም እንጂ የኮዱ ቅጂ ስላልሆነ፣ ስሙ ቢለወጥ ከታሪኩ የሚነካ ነገር የለም፤ ጊትሃብም ክፍት የሆኑትን ፑል ሪኩዌስቶች (ለውጥ ይቀላቀልልን የሚሉ ጥያቄዎች) ወደ አዲሱ ስም ያዞራቸዋል። እንድትጠነቀቁ የምፈልገው አሮጌው ስም በሌሎች ፋይሎች ውስጥ ተጽፎ ስለቀረባቸው ቦታዎች ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ ሳያሰማ የሚበላሸው ነው። የኮዱን ፈተናዎች በራሱ የሚያስኬደው ፋይል «ወደ ማስተር ፑሽ ሲደረግ (ኮድ ሲላክ) ጀምር» የሚል ከሆነ፣ ብራንቹ ሜይን ከተባለ በኋላ ስሕተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ መሥራቱን ያቆማል። ቀይ ምልክት ስለማይታይ ሁሉም ፈተናው ያለፈ ይመስለዋል፣ ያልተፈተነ ኮድም በላይ በላዩ ይከማቻል። ስለዚህ አንድም ስም ከመንካታችሁ በፊት አሮጌውን ስም በሁሉም ሪፖዚተሪዎች ውስጥ ፈልጉ፤ አንዱ ሪፖዚተሪ የሌላውን ብራንች በስም ጠርቶ ኮድ የሚወስድበት ጊዜ ስላለ፣ በሚቀየረው ውስጥ ብቻ መፈለግ አይበቃም። ከቀየራችሁ በኋላም ትንሽ ኮሚት ልካችሁ ፈተናው በእርግጥ መነሣቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሁሉንም በአንድ ስክሪፕት በአንድ ሌሊት መጨረስ ያጓጓል፤ እኔ ግን አልመክርም። ብዙዎች ለሙከራ ማንም የማይነካውን ሪፖዚተሪ ይመርጣሉ፤ እንዲህ ያለው ችግሩን ስለማያወጣ፣ በየቀኑ የሚሠራበትን፣ ነገር ግን ሌሎች ሪፖዚተሪዎች የማይደገፉበትን ማስቀደም ይሻላል።

ለባልደረቦቻችሁም አስቡላቸው። በሰርቨሩ ላይ የተደረገው ለውጥ በየሰዉ ኮምፒውተር ያለውን ቅጂ አይለውጥም፤ ወሬው ያልደረሰው ሰው እንደ ልማዱ ወደ ማስተር ፑሽ ሲያደርግ የተሰረዘው ብራንች ተመልሶ ይፈጠራል፣ የደከመበት ሥራም ማንም በማያየው ቦታ ይቀራል። ይህን ለመከላከል በአሮጌው ስም ብራንች እንዳይፈጠር የሚከለክል ደንብ ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፋቸውን ትእዛዞችም በቅደም ተከተላቸው፣ ገልብጦ መለጠፍ በሚቻልበት መልክ፣ ከለውጡ ቀን አስቀድማችሁ ላኩ።