በማግስቱ ቁስሉን የሚያየው ማን ነው?

ልጆቼ፣

ባሕር ተሻግራችሁ ሕመምተኛን በነጻ ለማከም ማሰባችሁ ደስ ያሰኘኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ያከበርኩት ሥራ ነውና አትሂዱ አልላችሁም። ከመነሣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ እናንተ በተመለሳችሁ ማግስት ቁስሉን የሚያየው ማን ነው?

እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያ ጉዞዬ ሁለት ሳምንት ነበር፤ ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕጻናትን እናክም ነበር። በመጨረሻው ቀን ሻንጣችን ተጭኖ ሳለ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ደረሰች። ልመናዋን አልቻልኩትም። ልጁን አስገብቼ ሰፋሁት፤ ስፌቱም ያማረ ነበር። ሲነጋ አውሮፕላን ላይ ነበርን። ከወራት በኋላ እዚያ የምትሠራው ነርስ ጻፈችልኝ። በአምስተኛው ቀን ስፌቱ ተከፍቶ፣ ልጁ የሚጠባው ወተት በአፍንጫው ይወጣ ጀመር። ስለ ቀዶ ሕክምናው የጻፍኩት ማስታወሻ እኔው ሻንጣ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ቀናት ለክትትል ብቻ ተዉአቸው፤ እናት ብታለቅስም። እምቢ ማለት ያማል። ላንቃ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ግን ሁለተኛው ጥገና ከፊተኛው ይከብዳል፤ መከራውም የልጁ ነው። የእያንዳንዱን ታካሚ ማስታወሻ እዚያ ያለው ባለሙያ በሚያነበው ቋንቋ ጽፋችሁ፣ ስልካችሁን ጨምራችሁ አስረክቡ።

ቡድን ስትመርጡ በአገሩ ሰዎች የተጠራ፣ ወደዚያው ቦታም ደጋግሞ የሚመለስ መሆኑን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ከየአቅጣጫው የጎረፉት ቡድኖች ርኅራኄ አልጎደላቸውም፤ ችሎታቸውና ዝግጅታቸው ግን እኩል አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ለውጭ የሕክምና ቡድኖች ዝቅተኛ መስፈርት ያወጣው ከዚያ ተምሮ ነው። ውሃውን፣ ምግቡንና መብራቱን ይዞ ያልመጣ ቡድን ከተጎጂው አፍ ይሻማል። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው ይሁን፤ የድርጅቱ የልገሳ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ በአገራችሁ ብቻችሁን እንድትሠሩት ያልተፈቀደላችሁን እዚያም አትንኩ። የድሃ ሰው ገላ መለማመጃ አይደለም። በዚህ ነገር ማንም አያግባባኝም።

እኔ ወደዚያው ሆስፒታል ተመልሻለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ለስድስት ወር። መጀመሪያ እኔ ስሠራ የአገሩ ወጣት ሐኪም አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር፤ ከዚያ አብረን ሠራን። የዚያ ልጅ ላንቃ ዳግም የተሰፋው በእሱ እጅ ነው። እኔ መሣሪያ አቀብል ነበር፤ ነርሷም ማስታወሻውን በራሷ ቋንቋ ትጽፍ ነበር።