መልስ፦ ታክሲ ውስጥ ለምን ሁላችንም ዝም አልን?

ወንድሜ፣ ረዳቱ እናትየዋን መልስ ከልክሎ ሲሰድባቸው ለምን ሁሉም ዝም እንዳለ ጠይቀሃል። ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። «ጎመን በጤና» እየተባልን ማደጋችንም አለበት። ትልቁ ነገር ግን አንዳችን የሌላችንን ፊት ማየታችን ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች መጠይቅ እየሞሉ ሳለ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ለቀቁባቸው። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ከሚሆኑ ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን 10 በመቶው ብቻ! የቀሩት እያሳሉ፣ ዓይናቸውን እያሹ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

እኔም አንዴ እንዲህ ያለ ታክሲ ውስጥ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል። አንዲት ተማሪ «መልሳቸውን ስጣቸው እንጂ!» ስትል ከኋላ ወንበር ሦስት ድምፅ ተከተላት። ብሩ ወዲያው ወጣ።