ፓርሲም ወይስ ፎር ሉፕ? ከዚያ በፊት ግን ሞዴሎቹን አንድ አድርጋቸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይሄ ነው፦ ሞተር የሚቆጣጠር ሦስት የሲሙሊንክ (የማትላብ ሲሙሌሽን መሥሪያ) ሞዴል አለህ፤ የሚለያዩት በኮንትሮለራቸው (በመቆጣጠሪያቸው) ነው፦ ፒአይ፣ ፈዚ እና ስላይዲንግ ሞድ። እያንዳንዱን በ50 ዓይነት ሎድ (ሞተሩ ላይ በሚያርፍ ጭነት) ማስኬድ ትፈልጋለህ። ተራ በተራ የሚያስኬደው ፎር ሉፕ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀብህ። እኔም ለማስተርሴ የሞተር ፍጥነት ቁጥጥር ስሠራ እዚያው ላይ ተቀርቅሬ ነበር።

አጭሩ መልስ ፓርሲም (parsim) ነው፤ ብዙ ሲሙሌሽን ጎን ለጎን የሚያስኬድ የማትላብ ትእዛዝ። ከ2017ኤ ቨርዥን ጀምሮ አለ። ለ50ዎቹ ሎዶች የሲሙሌሽንኢንፑት አሬይ (የእያንዳንዱን ሲሙሌሽን ቅንብር የያዘ ዝርዝር) ትሠራለህ፣ በሴትቫሪያብል (የቫሪያብል ዋጋ በሚቀይረው ፈንክሽን) ሎዱን ትቀይራለህ፣ ከዚያ አሬዩን በሙሉ ለፓርሲም ትሰጠዋለህ። ፓራለል ኮምፒዩቲንግ ቱልቦክስ (ጎን ለጎን ለማስኬድ የሚያስፈልገው የማትላብ ተጨማሪ) ከሌለህም ይሠራል፤ ግን ተራ በተራ ስለሆነ ጊዜ አታተርፍም።

እኔን ጉድ የሠራኝ ሴትቫሪያብል ነው። የመለሰልህን ለዚያው ለኢንፑቱ መልሰህ ካልሰጠኸው ምንም አይቀየርም። ኤረር እንኳ አያወጣም። 50ውን ከርቭ አንድ ላይ ፕሎት ሳደርግ አንዲት መስመር ብቻ ወጣች። ኮንትሮለሬ ሎድ የማይበግረው መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ በደስታ ሰክሬ ከረምኩ!

ሌላው፣ ወርከሮቹ (ሲሙሌሽኖቹን ተካፍለው የሚሠሩት) ቤዝ ወርክስፔስህን (ማትላብ ላይ የፈጠርካቸው ቫሪያብሎች ያሉበትን) አያዩም። "ቫሪያብሉ የለም" ካለህ ትራንስፈር ቤዝ ወርክስፔስ ቫሪያብልስ የሚለውን የፓርሲም ኦፕሽን ኦን አድርገው። እያንዳንዱ ወርከር ደግሞ ራሱን የቻለ ማትላብ ነው። ራምህ 8 ጊጋ ከሆነ ሁለት ወርከር ይበቃሃል፤ አራት ስከፍት የኔ ላፕቶፕ ማውሱ ራሱ አልንቀሳቀስ አለ።

አሁን ያልጠየቅከውን ልንገርህ። ሦስት ፋይል አትያዝ። እኔ ይዤ ነበር። በአንዱ የሞተሩን ኢነርሺያ (ፍጥነቱ እንዳይቀየር የሚቋቋምበትን መጠን) አስተካክዬ በሌሎቹ ረሳሁት፤ ዲፌንስ ላይ ፈታኙ "ሞተሩ አንድ ነው?" ሲለኝ አፌ ተሳሰረ። አንድ ሞተር አድርግና ሦስቱን ኮንትሮለር በቫሪያንት ሰብሲስተም (ካሉት አማራጮች የተመረጠው ብቻ የሚሠራበት ብሎክ) ውስጥ ክተታቸው። የቱ ይሥራ የሚለውንም ልክ ሎዱን እንደቀየርከው በሴትቫሪያብል ትመርጣለህ። ንጽጽር የሚባለው ያኔ ነው።

አንዱ ራን (አንዱ ሲሙሌሽን) ቢበላሽ ፓርሲም ሌሎቹን አያቆምም፤ ስለዚህ ከፕሎት በፊት የእያንዳንዱን ውጤት ኤረር ሜሴጅ እይ። የሦስቱን ኮንትሮለር 150 ራን በሙሉ በአንድ ጥሪ አትልቀቅ። አንድ ኮንትሮለር ባለቀ ቁጥር ሴቭ አድርግ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነበር፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደና ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ።