ስሜን እንኳ አልጠሩትም

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምኖረው ግላስጎው ነው። ቤተሰቦቼ ይዘውኝ ሲመጡ ልጅ ነበርኩ፤ ያደግኩት እዚሁ ነው። ቀን መጋዘን እሠራለሁ። ማታ በአንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አዳዲስ የስኮትላንድ ሙዚቃ አጫውታለሁ። አልበም ያላወጡ፣ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ዘፈን ነው የማሰማው። ክፍያ የለውም።

አሁን ግን በቃኝ። አንድ ባንድ አለ። መኝታ ቤት ውስጥ የቀዱትን ዘፈን መጀመሪያ አየር ላይ ያዋልኩት እኔ ነኝ። ኪንግ ታትስ ሲጫወቱ አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን ሰው የለመንኩት እኔ ነኝ። ኪንግ ታትስ ማለት በፈረንጆቹ 1993 የሙዚቃ ኩባንያ ባለቤቱ አለን ማክጊ ኦኤሲስ የተባለውን ዝነኛ የእንግሊዝ ባንድ ያገኘባት የግላስጎው አዳራሽ ናት፤ ለጀማሪ ትልቅ ቦታ ናት። ዛሬ ልጆቹ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ፈርመዋል። በቅርቡ ቃለ መጠይቅ ላይ «መጀመሪያ ለሰው ያስተዋወቃችሁ ማን ነው?» ሲባሉ የአንድ የለንደን ጋዜጠኛ ስም ጠሩ። የእኔን ስም እንኳ አልጠሩትም!

እነሱ ብቻ ቢሆኑ ምንም አልነበረም። ሌላዋ ዘፋኝ ስልኬን አታነሳም። ሐበሻው ደግሞ «የእኛን ዘፈን ትተህ የነሱ ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል። በ2014 የብሪታንያን ትልቅ የአልበም ሽልማት፣ ሜርኩሪን፣ የወሰዱት ያንግ ፋዘርስ የሚባሉት ባንድ የኤድንብራ ልጆች ናቸው፤ አንዱ የተወለደው ላይቤሪያ ነው፣ የሌላው ወላጆች ናይጄሪያውያን ናቸው፣ የስኮትላንድ ሙዚቃ የእኛም ነው ብዬ አስረዳለሁ። ማን ሰምቶኝ! እናቴም ዕድሜህ ሄደ ትለኛለች።

ድካሙም አለ። በየቀኑ ዘፈን ይላክልኛል። ከገና ወዲህ እኔ መክፈት ትቻለሁ፤ አንዲት ተማሪ በነፃ ታግዘኛለች፣ እሷ ሰምታ ትመርጣለች፣ እኔ አጫውታለሁ። ግን ባንዱን ያየ ማን ሞራል ይኖረዋል?

ለማንኛውም፣ አንድ የንግድ ጣቢያ የጠዋት ፕሮግራም እንስጥህ ብሎኛል። ደመወዙ ደህና ነው። ዘፈኑን የሚመርጠው ግን ኮምፒውተር ነው። የማታውንም ማቆም አለብኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ያ ሁሉ ልፋት ሜዳ ላይ አይቀርም?

ውለታው የተበላ፣ ከግላስጎው

*

ልጄ፣

ያቺን ተማሪ አድማጮችህ ያውቋታል?

ለእኔ ስሟን አትንገረኝ። ግን አየር ላይ «ይህን ዘፈን ያገኘችው እሷ ናት» ብለህ ታውቃለህ? ብለህ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤህ ውስጥ በአንድ መስመር አታልፋትም ነበር። ባንዱ ላንተ ያደረገውን አንተ በየሳምንቱ ለእሷ እያደረግክ ነው። ልዩነቱ፣ እሷ ገና ደብዳቤ አልጻፈችልኝም።

የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ማይኩ አይደለም። የማይታወቅ ልጅ የላከውን ከፍቶ እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ጆን ፒል ከ1967 ጀምሮ በ2004 እስኪሞት ድረስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 የሠራው ይህንኑ ነው። ያልታወቁ የስኮትላንድ ባንዶችን ለመላው ብሪታንያ ያሰማ ሰው ነው። አድማጩ ግን ከጀርባው ያለውን አዘጋጅ ጆን ዋልተርስንም ያውቀው ነበር። ፒል ራሱ አየር ላይ ስለሚያነሳው ነዋ! ምን ቀነሰበት?

ልጆቹ ስምህን መጥራት ነበረባቸው። ያማል፣ አልክድም። ግን በሃያ ዓመቱ ኮንትራት የፈረመ ልጅ ትናንትን አያስታውስም። ምስጋና የፈለገ ሰው ጀማሪ ባንድ ባያጫውት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ሂድ። ኪራይ የሚከፈለው በጭብጨባ አይደለም፤ በዚህ እናትህ ልክ ናት። አንተ ደግሞ ከገና ጀምሮ ሄደሃል፣ የቀረው ወንበርህ ብቻ ነው።

የምትሄድበትን ግን እወቅ። እዚያው ግላስጎው በ1999 ቢት 106 የሚባል ጣቢያ ተከፈተ። በ2006 ኤክስኤፍኤም ስኮትላንድ ሆነ፣ በ2008 ተሸጦ ጋላክሲ ተባለ፣ በ2011 ደግሞ ካፒታል። ጂም ጌላትሊ የሚባል የሬዲዮ አቅራቢ በቢት 106ም በኤክስኤፍኤምም አዳዲስ የስኮትላንድ ባንዶችን ያሰማ ነበር። የጣቢያው ስም ሲለዋወጥ እሱ ሌላ ጣቢያ ሄዶ ያንኑ ቀጠለ። የንግድ ጣቢያ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር በመጀመሪያ የሚነካው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሳትፈርም በሳምንት አንድ አዲስ ዘፈን ራሴ ልምረጥ በላቸው። ከፈረምክ በኋላ አይሰሙህም።

«የማታውን ማቆም አለብኝ» ብለሃል። ማቆም ያለብህ አንተ ነህ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም! ለጣቢያው ኃላፊ ሰዓቱ ለእሷ ይሰጥ ብለህ ንገረው፤ መራጯ እሷ እንደሆነችም አትደብቀው። አዳራሽ የሚያከራዩትን፣ ባንዶቹን የሚያስፈርሙትን፣ የምታውቃቸውን ሰዎች ስልክ ሁሉ ስጣት። ከመሄድህ በፊት አብራችሁ አቅርቡ፤ አንተ ዝም በል፣ እሷ ታውራ። መጀመሪያ ላይ ትንተባተባለች። አንተም ሳትንተባተብ አልጀመርክም።

ይህ ሁሉ ግን እሷ ከፈለገች ነው። ነገ ደውልና ጠይቃት። ስለ ባንዱ እንዳትነግራት፣ ስትሰማው ከርማለች። እምቢ ካለች ደግመህ ጻፍልኝ፤ ያኔ ሌላ ነገር እንነጋገራለን።